ከመቶ አሥራ አራት አንዷ

የሐይቁ ብርድ መስኮቱን ጭጋግ አለበሰው፣
ብረት የጫነ መርከብ ጮኾ ድልድዩን ቀሰቀሰው።
«በጥቅምት አንድ አጥንት» ይላል ያገሬ ሰው፣
የዱሉዝ ጥቅምት ግን አጥንቱን ነው የሚጨርሰው።

ከምሽቱ አምስት ሰዓት። ማተሚያው ይጠብቀኛል፣
ፊት ገጹ ላይ መዳፍ የሚያህል ባዶ ቦታ ይቀረኛል።
በፊት ነው የሚሞላው፤ የማን ፊት እንደሆነም ታውቋል፦
ማርጊት ሉንድኩዊስት፣ ለከንቲባነት የቆመች፣
የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነጂ፣
አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያንን ቁልቁለት በበረዶ የወረደች፣
አንድ ልጅ እንኳ ሳታስነካ።

ፎቶ አንሺያችን መቶ አሥራ አራት ጊዜ አንስቷታል።
በአንዱ ትስቃለች፣ በአንዱ ታዳምጣለች፣
በአንዱ ወረቀቷ ጠፍቷት ኪሷን ትፈትሻለች፣
በአንዱ ጎንበስ ብላ የአንድ ሽማግሌ ጆሮ ላይ ታወራለች፤
በአንዷ ግን፣ በአንዷ ብቻ፣
ዓይኗ ሲከደን፣ አፏ በቃል መሃል ተከፍቶ፣
የጠጣች ትመስላለች።
(እኔም ሾርባ ስጠጣ ብታነሱኝ እንዲያው ነኝ።
ሳይጨፍን የኖረ ማን አለ?)

ጄራልድ ሃውገን፣ አለቃዬ፣ ከኋላዬ ቆመ፣
ስቴኪኒውን ከጉንጭ ወደ ጉንጭ አዞረ፣
«ይቺ ሕይወት አላት» አለ።
ሌላ ምንም አላለ።

ዋሽ አላለኝም።
በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ አንድ ቀን ዋሽ ያለኝ የለም፣
እጄን በፈለጋችሁት መጽሐፍ ላይ ጭኜ እምላለሁ።
ፎቶው እውነት ነው። ዓይኗ እውነት ተከድኗል፣
ለሰከንድ መቶኛ።
እኔ ያቺን መቶኛ
ሠላሳ ሺህ ደጃፍ ላይ አደረስኳት።

ለሚስተር ቴሪየን የመስኮት ብርሃን ያለበትን መረጥሁ፣
ከጀርባው ባንዲራ፣ አገጩ ቀና ያለ፣
ገና ያልተሠራ ድልድይ ከሩቅ የሚያይ የመሰለ።

ከዚያ ግሡ ቀረ።
እሱ «ገለጸ»።
እሷ ግን ዘጋቢዋ እንደጻፈችው «አለች» ብቻ ነበር፣
ባዶ እጁን የቆመ ቃል፣ ማንንም የማይነካ።
ሰረዝኩት። «አመነች» አልኩ፦
ለበረዶ ጠረጋ የተያዘው ገንዘብ እንደማይበቃ አመነች።
ያለ ሰው ቃል አለው፤ ያመነ ሰው ግን ጥፋት አለው።
ጋዜጣው የሚታተምበት ቋንቋ ይህን ብቻ ነው የሚያውቀው፤
በእኔ ቋንቋ ግን ግሡ ሌላም ፊት አለው፣
አመነች፦ ማን እንደሚጽፋት አይታ፣ ዝም ብላ፣
እኛን አመነች።

ማክሰኞ ጧት የሉተራኖቹ ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ተሰለፍኩ።
ከፊቴ የቆሙት አዛውንት ጓንታቸውን እያወለቁ፣
«ሴትዮዋ ትደክማለች» አሉ፣ «እንቅልፋም ነገር ናት።»
«ሲያወሩ ሰምተዋታል?»
«ምን መስማት ያሻል? ፊቷ ላይ ያስታውቃል።»
ፊቷ ላይ።
ጫማዬን አየሁ። የቀለጠ በረዶ፣ ጨው፣ ጭቃ።

ተራዬ ሲደርስ ለእሷ መረጥሁ።
አዎ፣ ለእሷ።
አንድ ድምፅ፣ በቀስታ፣ ክቡን ሞልቼ፣
የሰረቀውን በግ ጅራት ብቻ እንደሚመልስ ሌባ።

በሁለት መቶ አሥራ ሁለት ተሸነፈች።
ስንቱ በገዛ ልቡ፣ ስንቱ በእኔ እጅ፣
ቆጣሪው ማሽን አይለየውም፤
ወረቀት እንጂ ዓይን አያይም።
ሃውገን ለሁላችንም ዶናት ገዛ።

ጥር ላይ፣ ጨለማው ገና ሳይገፍ፣
ቢጫ አውቶቡስ ከፊቴ ቆመ፣ ቀዩን ክንፉን ዘረጋ።
መኪናዬን አቆምኩ።
ሁለት ልጆች፣ ከዚያም አንዲት ቦርሳዋ የበለጣት፣
መንገዱን ተሻገሩ።
ማርጊት ወደ ግራ አየች፣ ወደ ቀኝ አየች፣
እንደገና ወደ ግራ።
ቆጠርኩ፤ የመጨረሻዋ ልጅ እስክትገባ ድረስ
አንዴም አልጨፈነችም።

ከዚያ እጇን አነሳችልኝ፣
ለቆመላት ሁሉ እንደምታነሳው።